ከላይ የወጣው መስመር

ፍርዶስ የሰማችውን ነገር ሆዷ ውስጥ አሳድራ አታውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት በሁለቱ ግቢ መሀል ያለውን የቆርቆሮ አጥር በጣቷ አንኳኳች።

«ሺታዬ፣ ተነሥተሻል?»

«ወሬ ከያዝሽ ተነሥቻለሁ፤ ልታሠሪኝ ከሆነ ግን ተኝቻለሁ» አለች ሺታዬ ከወዲያ።

«ወንዶሰን ከአቦቦ መጥቷል። ትናንት ሱቄ በር ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ‹አለቀ፣ እሁድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ያስረክቡኛል። ጋሽ ይግዛው ከኮምፒዩተሩ አውጥቶታል፣ መጽሐፉም ይፈቅዳል› ይላል። ያስረክቡኛል ነው የሚለው እኮ፣ እንደ ሲሚንቶ።»

«ማንን ነው የሚረከበው?»

«ሙሉነሽን ነዋ።»

ሺታዬ ወሬ ሲነገራት አትደነግጥም፤ የምትደነግጠው ሲያመልጣት ነው። ከባሏ ጋር አንድ ጣራ ሥር እያደረች፣ ከባሏ አፍ ያልሰማችውን ከጎረቤት መስማቷ አንገበገባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉነሽ ባሏ በወባ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። ወንዶሰን የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፣ አቦቦ በቆሎ ያርሳል፣ ሚስቱን ከፈታ ቆይቷል። በሰባ ሰባት ከከምባታ ተጭነው የመጡት ሰፋሪዎች ከድስታቸውና ከማጭዳቸው ጋር አንድ ልማድም ጭነው መጥተዋል፤ ወንድም ሲሞት ሚስቱን ወንድሙ ይወርሳታል፣ ዋርሳ ይሉታል። ወንዶሰንም «ወይ ታግባኝ፣ ወይ የወንድሜን ልጆች ለዘመዶቻቸው ትስጥና እንደፈለገች ትሁን» ብሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አመለከተ። ሙሉነሽ አላገባውም ብላለች። ልጆቼን እሰጣለሁም አላለችም። የሽማግሌዎቹ አውራ ደግሞ የሺታዬ ባል ይግዛው ነው።

«ኮምፒዩተሩ ባለፈው አምባዛ ከለከላችሁ፣ አሁን ደግሞ ሴት ማደል ጀመረ?» አለች ፍርዶስ፣ ቁልፏን እያንቀጨለጨለች ወደ ሱቋ እየሄደች።

የአምባዛው ነገር እውነት ነው። ከሦስት ወር በፊት የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች አዋጥተው ለሽማግሌዎቹ አንድ ላፕቶፕ ገዙላቸው፤ በውስጡ የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ፕሮግራም አለው። ቃል ስትጽፍለት ያ ቃል ያለበትን ጥቅስ ሁሉ ደርድሮ ያወጣል። ከሽማግሌዎቹ መሀል የደፈረው ይግዛው ብቻ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ሰው በአንድ ጣቱ እየለቀመ መጻፍ ለመደ። አንድ ቀን ሰዎች «አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ይበላል ወይ?» ብለው ጠየቁት። ‹ቅርፊት› ብሎ ጻፈ፤ መጀመሪያ የወጣው መስመር ቅርፊት የሌለው ርኩስ ነው አለው፤ እሱም አትብሉ አለ። ባሮ ዳር ተቀምጦ አምባዛ አትብሉ ማለት በሐምሌ ዝናብ አይምታችሁ እንደማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ዓሣ የሚሸጠው ቢየል ገበያው ደርቆ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ሺታዬ ግን ፍርዶስ ጓዳ እየገባች ትበላ ነበር፤ አፏንም ተጉመጥምጣ ትመለሳለች።

ያን ቅዳሜ ቀትር ላይ አንድ ባጃጅ እነሺታዬ በር ላይ ጎማው ፈነዳ። ከውስጡ ኛኩዋት ወረደች። ኛኩዋት የኑዌር ልጅ ናት፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው ያደገችው፤ ኮምፒዩተር ተምራ አሁን ኢታንግ በኩል ካለ የስደተኞች ካምፕ መዝጋቢ ሆናለች። ለሰንበት ቤተሰቧ ጋ ልትሄድ ነበር። ሺታዬ አየቻትና፣ እግዜር ሰው ሲልክ በባጃጅም ይልካል፣ ብላ አሰበች።

«ነይ ግቢ ልጄ፤ ጎማው እስኪለጠፍ ይኼ ፀሐይ ያቃጥልሻል። ጋሼም ማንጎው ሥር ነው፣ ኮምፒዩተሩን ይዞ።»

ይግዛው ላፕቶፑን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እሱ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መጽሐፉ ከላይ ይሁን ብሎ። ሺታዬ ልጅቷን አጠገቡ አስቀምጣ ከበሩ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ ጋደም አለች፤ ነጠላዋንም ፊቷ ላይ ሳበች። እንዲህ ስትሆን ሰው ተኛች ይላታል። እሷም ይበሉ ትላለች።

«ጋሽ ይግዛው፣ እንዴት ነዎት?» አለች ኛኩዋት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ በ‹እርስዎ› ትጀምርና ወሬው ሲሞቃት ‹አንተ› ላይ ትወርዳለች እንጂ። ይግዛው ይኼን ካወቀው ቆይቷል፣ አይቆጣም።

«ተመስገን ልጄ። የነገውን ፍርድ እያሰናዳሁ ነው።» ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረው። «እስቲ እይው። ‹የወንድም ሚስት› ብዬ ጻፍኩ። ይኸው መጀመሪያ የወጣው፤ ኦሪት ዘፍጥረት። አባትየው ልጁን ‹ወደ ሟች ወንድምህ ሚስት ግባ፣ ለወንድምህ ዘር አቁምለት› ይለዋል። ልማዳችንም ይኼው ነው፣ መጽሐፉም ይኼው ነው። ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?»

«ከሱ በታች ያሉትንስ አነበቡ?»

«ለምኔ?»

«እንዴት ለምኔ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ ሲቀመጥ አይተሽ አታውቂም? አውራው ከላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው። ከታች ያለው ‹እንዳሉት ነው› ይላል እንጂ የሱን ቃል አይሽርም። ይኼም ዝርዝር እንደዚያው ነው። ከላይ የወጣው አውራው ነው።»

ሺታዬ ነጠላዋ ሥር ሆና ገረማት። አርባ ዓመት አብራው ኖራ ይኼን ሐሳቡን አታውቀውም ነበር። ይግዛው ቂል አይደለም፤ በሽምግልና ስንት ደም አድርቋል። ግን ሰው የማያውቀውን ነገር የሚለካው በሚያውቀው ነው፤ ስንዝሩ አጠረ ረዘመ የሚለውን የሚያየው ከተሳሳተ በኋላ ነው።

ኛኩዋት አልሳቀችበትም። ይኼ የሺታዬን ልብ ደስ አሰኘው።

«ጋሽ፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ የለም» አለች ቀስ ብላ። «ዘፍጥረት ከላይ የወጣው መጽሐፉ ሲጠረዝ ፊት ስለተጠረዘ ነው። ይኼን ይመልከቱ፤ እዚህ ጥግ ላይ ‹አደራደር› ይላል። አሁን ያለው ‹በመጽሐፍ ተራ› ላይ ነው። እኔ ደግሞ ‹ለቃሉ በሚቀርበው› ላይ ላድርገው።»

ነካችው። መስመሮቹ ድንጋይ እንደተወረወረበት የዓሣ መንጋ ብትን ብለው በሌላ ተራ ተሰበሰቡ። ይግዛው መነጽሩን አስተካክሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከላይ ያለውን አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«‹የወንድምህን ሚስት ኃፍረተ ሥጋ አትግለጥ› ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ይኼ ከየት መጣ?»

«ከየትም አልመጣም፣ ዘሌዋውያን ነው። ቅድምም ከላይኛው ጥቂት ዝቅ ብሎ ነበር።»

ይግዛው መነጽሩን አወለቀ። በንዴት ሲያወልቅና በድካም ሲያወልቅ ይለያያል፤ ይኼኛው የንዴት ነበር።

«እንግዲህ ስሚኝ ልጄ። እኔ ሳምንት ሙሉ ይዤ የነበረውን ፍርድ አንቺ በአንድ ጣት ገለበጥሽው። በጣት የሚገለበጥ ነገር እንዴት የእግዚአብሔር ቃል ይሆናል? ነገ ደግሞ ወንዶሰን ይመጣና በራሱ ጣት ይመልሰዋል። እንዲህማ ከሆነ የጥንቱ ይሻላል። መጽሐፉን እገልጣለሁ፣ ያነበብኩት እዚያው ይቆየኛል፣ የሚያገላብጠው የለም።»

ጥሩ ተናገረ። ሺታዬ ለባሏ ልታዳላ ምንም አልቀራት። ልጅቷም የተመታች መሰለች።

«ቃሉን አንድም ፊደል አልነካሁትም። የነካሁት ተራውን ነው» አለች በኋላ። «የኔ ሥራ ምን መሰለህ? ሰው ድንበር ተሻግሮ ይመጣል፣ እመዘግባለሁ። ዝርዝሩን ስፈልግ በስም ተራ አወጣዋለሁ፣ ስፈልግ በመጡበት ቀን፣ ስፈልግ በዕድሜ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። መጀመሪያ ሥራ ስይዝ ግን እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ለመጠለያ የሚታደለው ሸራ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነበር የሚደርሰን። እኔ በስም ተራ ከላይ ጀምሬ እጠራለሁ። ኛጃል የምትባል ሴት ነበረች፣ ነፍሰ ጡር። ስሟ ከታች ነው። ተራዋ የሚደርሰው በአራተኛው ቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝናብ እየወረደባት ወለደች።»



«ማንም አልተቆጣኝም» አለች ኛኩዋት። «ተራው ልክ ነበር። እኔ ግን ከላይ ከላይ ስጠራ እሷን አላየኋትም።»

«ልጁስ?» አለች ሺታዬ። ተኝታለች የተባለችው ሴት ነጠላዋን ከፊቷ ገፋ አድርጋ ቀና ብላ ነበር።

«ደህና ነው እማማ። አሁን መሄድ ጀምሯል።»

ይግዛው ሚስቱን አየት አድርጎ ወደ ልጅቷ ተመለሰ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ታዲያ ትክክለኛው ተራ የትኛው ነው?»

«የትኛውም ለብቻው ትክክል አይደለም ጋሽ። ሁሉም ደግሞ ይጠቅማል። በመጽሐፍ ተራ ስታየው ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ትከተላለህ። ለቃሉ በሚቀርበው ስታየው የጠፋብህን ጥቅስ ቶሎ ታገኛለህ። ተራ መፈለጊያ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። የሚፈርደው ሁሉንም ያነበበው ሰው ነው።»

«ሁሉም ማለት እነዚህ አምስቱ?»

«ከአምስት ይበልጣሉ እኮ።»

«እኔ የማየው አምስት ነው።»

«አምስት የሚታይህ መስኮቱ አምስት ስለሚይዝ ነው። እዚህ ላይ ጣትህን አድርግና ሳበው።»

ይግዛው ሳበ። ስድስተኛው መጣ፣ ሰባተኛው መጣ፣ እየተከታተሉ ከታች ብቅ ብቅ አሉ። ሦስት ወር ሙሉ፣ መስኮቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቃሉም ያልቃል ብሎ ነበር የሚያስበው። ሺታዬ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው፤ ደግሞም ከሳቁ በኋላ ጥቂት ፈራች። በዚህ መስኮት ስንት ሰው ተፈርዶበት ይሆን?

ከዚያ በኋላ ኛኩዋት ብዙ አልተናገረችም። አንዱን መስመር ሲነኩት ሙሉው ምዕራፍ እንደሚከፈት አሳየችውና እጇን ሰበሰበች። ይግዛው ራሱ እየከፈተ፣ ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር። ባጃጁ ጎማው ተለጥፎ ጥሩምባ ነፋ፤ እሷም በእጇ ቆይ አለችው። ኦሪት ዘዳግም ላይ ሲደርስ ይግዛው ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ደግሞ አነበበ።

«ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ነው የሚለው» አለ።

ወደ ዘፍጥረቱ ምዕራፍ ተመልሶ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«የመጀመሪያውም ሟች ልጅ አልነበረውም። ለዚህ ነው ዘር አቁምለት የተባለው። የሙሉነሽ ባል ግን ሁለት ልጅ አለው። ስሙ ቆሟል።» ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። «ይኼ ሕግ የሙሉነሽን ቤት አይመለከትም ማለት ነው። እኔ እኮ መስመሯን አየሁ እንጂ ሰውዬው ልጅ እንደሌለው አላየሁም።»

«አሁን ደግሞ ‹ባልዋ ቢሞት› ብለህ ጻፍ» አለች ኛኩዋት።

ለቅሞ ለቅሞ ጻፈ። የጳውሎስ መልእክት ወጣ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ነፃ ናት፣ በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ታግባ የሚል ነበር። ይግዛው ደጋግሞ አነበበው።

«ይኼ ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር ጋሽ።»

«እንግዲያው አምባዛውስ?» አለ፣ እንደሚሰርቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኛኩዋት አሁን ሳቀች። «ጴጥሮስ ስላየው ራእይ ፈልግ። እሱም ከታች ነው፣ የሐዋርያት ሥራ ላይ፤ ‹እግዚአብሔር ያነጻውን አንተ አታርክሰው› ይላል።»

«ሰማሽ ወይ ሺታዬ?» አለ ይግዛው።

«እኔ ቀድሞም በልቼዋለሁ» አለች ሺታዬ።

ሰውዬው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ሌላ ነገር ይዞታል። ኛኩዋት ተሰናብታ ባጃጁ ውስጥ ከገባች በኋላ፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ሚስቱን ጠራት።

«ነገ በሰው ፊት ተሳሳትኩ ልበል? ወንዶሰንን ይፈቅዳል ብዬዋለሁ። ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎችም በኔ ቃል ነው የሚሄዱት። ኮምፒዩተሩን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው ብዬ ስንት ቀን ተኮፍሼባቸዋለሁ።»

ሺታዬ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። መቀለድ ትችል ነበር፣ አልቀለደችም።

«በሰው ፊት ገና አልተሳሳትክም» አለችው። «በሰው ፊት የምትሳሳተው ነገ ነው፣ ከፈለግክ። ሁለት ልጅ ከእናቱ ጉያ ከወጣ በኋላ ጥቅሱን ከታች አገኘሁት ብትል ማን ይመልስልሃል?»

እሁድ ከሰዓት ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጡ። ወንዶሰን በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ መጣ። ሙሉነሽ ትንሿን ልጇን አቅፋ የግቢው በር ደፍ ላይ ተቀመጠች፤ ነገሯ የሚታይባት ሴት ከሽማግሌ ጋር አትቀመጥም፣ ይኼም ልማድ ነው። ሺታዬ ከጓዳዋ በር ላይ ሆና ሁሉንም ታያለች። ፍርዶስ አግዳሚ ወንበር አውሳችኋለሁ ብላ መጣች፤ ወንበሩን ካስቀመጠች በኋላ ለመሄድ ምንም አልቸኮለችም።

ይግዛው ተነሣ። «ወንድሞቼ፣ ስህተቴን ልናገር ነው የቆምኩት» አለ፤ ተናገረም። ስለ ተራው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስላላነበበው ምዕራፍ ሁሉንም አወጣ። ላፕቶፑን አዙሮ በአንድ ጣቱ ዝርዝሩን እያገላበጠ አሳያቸው። አንደኛው ሽማግሌ «በስመ አብ» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሌላኛው ደግሞ ጣቱን ሰደደ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከላይ ስለወጣ ብቻ የምንይዘው መስመር አይኖርም» አለ ይግዛው። «እስከ ታች እንወርዳለን። ምዕራፉን እንከፍታለን። ለማን እንደተነገረ፣ በምን ምክንያት እንደተነገረ እናያለን። አንዱ ተራ የሸሸገውን ሌላው ተራ ያሳየናል። ይኼ ሲለመድ ልማዳችንም ይጠራል፣ ሰውም በኛ ቃል ያለ ጥፋቱ አይጎዳም። ቢየልም ዓሣውን ይዞ ይመለስ፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የዛሬውን ደግሞ እንዲህ አይቼዋለሁ፤ ልጆቹ ከእናታቸው አይነጠሉም። ለዋርሳ የተጠቀሰው ሕግ ልጅ ለሌለው ሟች ነው፤ ይኼ ሟች ልጆች አሉት።»

ወንዶሰን ተነሣ። «ጋሽ ይግዛው፣ ሳምንት ሙሉ ይፈቅዳል ስትለኝ ቆይተህ? እኔ ምን አጠፋሁ? የወንድሜ ልጆች ባዳ እጅ እንዳይገቡ ነው።»

«አላጠፋህም ልጄ፣ ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ። አጎትነትህን ማንም አልወሰደብህም፤ ናና ጠይቃቸው፣ አሳድጋቸው፣ አስተምራቸው።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አዲስ ማረሻ ያገኘ ገበሬ የጎረቤቱንም ማሳ ካላረስኩ ይላል። ያ ጣቱን የሰደደው ሽማግሌ ‹መበለት› ብሎ አስጻፈ። ረጅም ዝርዝር ወጣ።

«ይኸው» አለ ሽማግሌው፣ «ወጣት መበለቶች ያግቡ ይላል። እንግዲያው ወንዶሰን ባይሆን ሌላ ሰው እንፈልግላት።»

«የለም፣ እንደ ሩት ናት» አለ ያ ቅድም ወደ ኋላ የሸሸው ሽማግሌ። «ከባሏ ዘመዶች ጋር ትሁን።»

«ጳውሎስን አስቀድመን እንየው እንጂ» አለ ይግዛው፣ «ለቃሉ በሚቀርበው ላይ ላድርገው፣ ቆዩ።»

«ኦሪቱ ይቅደም» አለ ወንዶሰን።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ከታች ሌላ አለ። ሳብ አድርገው።»

አራት ራስ አንድ መስኮት ላይ ተደፋ። ተራው ተገለበጠ፣ ደግሞ ተገለበጠ። የሰራጵታዋ መበለት መጣች፣ የናይኗ መጣች፣ ሁለት ሳንቲም የጣለችዋም መጣች። አንዱ ወደ ላይ ሲስብ አንዱ ወደ ታች ይስባል። ሺታዬ ባሏን አየችው፤ ትናንት የተማረውን ዛሬ እንደ አዲስ ጫማ እየረገጠ ያሳያል። ልትጠራው አሰበች፣ ተወችው። ሙሉነሽ ደፉ ላይ ልጇን ከግራ ጉልበቷ ወደ ቀኝ ጉልበቷ አዛወረች።

ይኼን ጊዜ ፍርዶስ ከአግዳሚው ወንበር ተነሣች።

«ይቅርታ ሽማግሌዎች፣ እኔ በእናንተ መጽሐፍ አልገባም» አለች። «ግን ከሞቱ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፋቸውን መበለቶች ሁሉ እየፈለጋችሁ አገኛችሁ። እቺ በር ላይ የተቀመጠችውስ ስንተኛ ተራ ላይ ናት?»

ላፕቶፑ ላይ የነበሩት ጣቶች ቆሙ። አራቱም ቀና ብለው ወደ በሩ ዞሩ፤ ይግዛውም ላፕቶፑን ከድኖ ሙሉነሽን «አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?» አላት።